ሐዲዱ ለምን እዚህ ጋ ቆመ? ባሪ የምትባል የዌልስ ከተማንና ድሬን በስልክ ካርታ ማንበብ

ነገሩ የጀመረው በእህቴ ልጅ አሳይመንት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ የጂኦግራፊ አስተማሪው "አንድ የውጪ አገር የኢንዱስትሪ ከተማ ምረጡና ታሪኳንና አቀማመጧን ጻፉ" ብሎ ሰደደው፣ እኔ ደሞ አጎት ነኝ ምን ላድርግ፣ በርጫዬን አቋርጬ ስልኬን ይዤ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ለንደን እንበል ሃምቡርግ እንበል ስንል ቆይተን አንድ የድሮ ፎቶ ላይ አረፍን፣ የዛጉ የእንፋሎት ባቡሮች መደዳውን ተደርድረው፣ ግማሹ ነገራቸው ተነቃቅሎ፣ በመሃላቸው ሳር በቅሎ። ልጁ አየና "አጎቴ ይሄማ የኛ ለገሃር ግቢ ነው" አለኝ፣ የድሬዳዋን የድሮ ባቡር ጣቢያ ማለቱ ነው። አይደለም። ዌልስ ውስጥ ያለች ባሪ የምትባል የባህር ዳር ከተማ ናት። በቃ እሷን ያዝን፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባሪን ስናነብ ከረምን፣ የሚገርመው ግን ባሪ በገባችን ቁጥር ድሬ ይበልጥ እየገባችን መጣች። ዘዴውን ንገረን ያላችሁኝ ነበራችሁ፣ ይሄው።

መጀመሪያ ምርጫው። ትልቅ ከተማ አትያዙ። ለንደንን ከያዛችሁ ሮማውያን ይመጣሉ፣ ንጉሦች ይመጣሉ፣ ቃጠሎ ይመጣል፣ ልጁ ሳይጨርስ ሴሚስተሩ ያልቃል። አንድ ሥራ ይዛ የተወለደች ትንሽ ከተማ ፈልጉ። ባሪ እንደዛ ናት፣ በፈረንጅ 1880ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት መንደር ነበረች፣ በ1911 ግን ከ30 ሺህ በላይ ሆነች። እንደዚ ዘልላ የምታድግ ከተማ ካያችሁ የሆነ ነገር መጥቶ ጉያዋ ላይ ወድቋል ማለት ነው፣ ሥራችሁ የወደቀው ነገር ምን እንደሆነና ለምን እዛች ላይ እንደወደቀ መፈለግ ነው።

ከዛ ካርታውን ክፈቱ። ሳተላይት ላይ አድርጉት፣ ካርዲፍን ፈልጉ፣ ከሷ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባህሩ ጫፍ ላይ ባሪን ታገኟታላችሁ። አሁን ሕንጻውንም ሱቁንም ተዉትና ሐዲዱን ብቻ በጣታችሁ ተከተሉ እስኪቆም ድረስ። ሲቆም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ ለምን እዚህ ጋ ቆመ? እኔ እስካሁን ባየሁት መልሱ ከሁለት አይወጣም፣ ወይ መሬቱ አቁሞታል ወይ ብር አቁሞታል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ተባብረው ነው።

የባሪን እንየው። ከካርዲፍ በላይ ሮንዳ የሚባል ሸለቆ አለ፣ የድንጋይ ከሰሉ ያለው እዛ ነው፣ ሸለቆዎቹ ደሞ ወደታች ወደ ካርዲፍ ነው የሚወርዱት፣ ስለዚ በተፈጥሮው ከሰሉ ካርዲፍ መውረድ ነበረበት፣ ሲወርድም ኖሯል። ችግሩ የካርዲፍ ወደብ የአንድ ባላባት ቤተሰብ ንብረት ነው፣ የቢዩት ማርኪስ የሚባሉት፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ዶክ፣ መርከብ ገብቶ የሚጭንበትን የውሃ ገንዳ ማለት ነው፣ በ1839 ከፍተዋል። ከሰሉ በዛ፣ ወደቡ ጠበበ፣ ፉርጎው ይሰለፋል፣ መርከቡ ይሰለፋል፣ ክፍያው ደሞ አይቀንስም። የማዕድን ጉድጓድ ባለቤቶቹ ተንገፈገፉ። መሪያቸው ዴቪድ ዴቪስ የሚባል ሰውዬ ነው፣ እንጨት በመጋዝ ከመሰንጠቅ ተነስቶ የሐዲድ ኮንትራክተር ከዛም የከሰል ሀብታም የሆነ። "የራሳችንን ወደብ በራሳችን ሐዲድ እንሠራለን" አሉ። ፈቃድ ሊጠይቁ ፓርላማ ሄዱ፣ በ1883 ጥያቄው ወደቀባቸው፣ በ1884 ተመልሰው ሄደው አሳለፉት፣ ዶኩ በሐምሌ 1889 ተከፈተ። ዴቪስ በዓመቱ ሞተ። ዛሬ የባሪ ዶክ ቢሮ ፊት ለፊት ሐውልቱ ቆሟል፣ እጁ ላይ የወደቡን ፕላን ዘርግቶ እያየ፣ ልክ የሰፈራችን ፎርማን ሥራ ቦታ ላይ እንደሚቆመው።

(የዶኩ ኢንጂነር ስም ደሞ ጆን ዎልፍ ባሪ ነው፣ የለንደኑን ታወር ብሪጅ የሠራው ሰው። ልጁ "ከተማዋ በሱ ስም ነው የተሰየመችው" ብሎ ጽፎ አገኘሁት፣ አስጠፋሁት። የከተማዋ ስም ከሱ በፊት ብዙ መቶ ዓመት የነበረ ነው፣ ባሩክ ከሚባል ቅዱስ ጋር ነው የሚያያይዙት። የስም መመሳሰል ስታዩ ተጠንቀቁ ለማለት ነው።)

አሁን መሬቱ። ባሪ ፊት ለፊት ባሪ አይላንድ የሚባል ደሴት አለ፣ ወይም ነበር፣ ምክንያቱም ካርታው ላይ ብታዩት ከከተማው ጋር ተጣብቋል። በደሴቱና በከተማው መሃል የነበረውን የባህር መተላለፊያ ነው ገድበው ዶክ ያደረጉት። ለምን መገደብ አስፈለገ? እዚህ ጋ እኛ የድሬ ልጆች የማናውቀው ነገር አለ። ባህር ማለት ዝም ብሎ የተቀመጠ ውሃ ይመስለናል፣ ጅቡቲ ሄዶ የመጣም ቢሆን ያን ያህል አያስተውለውም። ብሪስቶል ቻነል የሚባለው የነሱ ባህር ግን በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይጎድላል፣ በሙላቱና በጉድለቱ መሃል ያለው ልዩነት እስከ 14 ሜትር ይደርሳል፣ ያ ማለት አራት ፎቅ ነው። ጠዋት መርከብ የተንሳፈፈበት ቦታ ከሰዓት ጭቃ ነው። ስለዚ ውሃውን በር ሠርተው ውስጥ ይቆልፉበታል፣ ባህሩ ሲሸሽ ዶኩ ውስጥ ያለው መርከብ ተንሳፍፎ ከሰሉን ይጭናል። ሳተላይቱን አጉልታችሁ ብታዩ ዶኩ ውስጥ ያለው ውሃ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ውጪው ቡና በወተት ነው። ያ ቡናማው ጭቃ ነው። ይቺን ለልጁ ሳሳየው ነው አሳይመንቱ የጣመው።

ውሃ ያልኩበት ምክንያት አለኝ፣ የራሳችሁንም ከተማ ስታነቡ ከሐዲዱ ቀጥሎ ውሃውን ፈልጉ። ድሬን መሃል ለመሃል የሚያቋርጠው የኛ ወንዝ ደቻቱ ተገላቢጦሽ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ያቋርጥበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ዝናቡ ግን እዚህ ሳይሆን ከላይ ተራራው ላይ ይዘንብና ውሃው በሌሊት ከተማ መሃል ይገባል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ከ250 በላይ ሰው የወሰደብን እንደዛ ነው። ዳር ዳሩ ላይ ያለውን ግንብ ስታዩ ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ አሳይመንት ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

ቁጥር ስታገኙ ደሞ እንዳለ አትገልብጡት፣ ወደምታውቁት ነገር ቀይሩት። ባሪ በ1913 የላከችው የድንጋይ ከሰል 11 ሚሊዮን ቶን ነው፣ በዛ ዓመት በዓለም ላይ ከካርዲፍም በልጣ አንደኛዋ የከሰል ላኪ ወደብ ሆነች። 11 ሚሊዮን ቶን ለኛ ምን ማለት ነው? ተሳቢው ያለ መኪና 40 ቶን ይጭናል እንበል፣ ታዲያ ዓመቱን ሙሉ እሁድ ሳይሉ በዓል ሳይሉ በቀን ከ750 መኪና በላይ ማለት ነው። የጅቡቲ መንገድ ላይ የተሳቢ ሰልፍ አይቶ የሚያውቅ ሰው አሁን ገብቶታል። እነሱ በመኪና ሳይሆን በፉርጎ ነው ያወረዱት፣ ፉርጎውን ከነከሰሉ ከፍ አድርገው ወደ መርከቡ ሆድ ይደፉት ነበር።

ያ ሁሉ ከሰል የት ሄደ የሚለውን እንዳታልፉት፣ ከባሪ ወደ ድሬ የምትሻገሩበት ድልድይ እሱ ነውና። የዛን ጊዜ መርከብ የሚሄደው በከሰል ነው፣ መንገድ ላይ እንደ ነዳጅ ማደያ የከሰል ማደያ ያስፈልገዋል። የዌልስ ከሰል ጭሱ ትንሽ ሙቀቱ ብዙ ስለሆነ መርከበኛው እሱን ይመርጣል። ከኛ አጠገብ ኤደን ላይ እንግሊዞች ከ1839 ጀምሮ ተቀምጠዋል፣ የከሰል ማደያ አድርገዋታል። ፈረንሳይ በ1880ዎቹ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ጦር ስትልክ ኤደን ላይ ከሰል ተከለከለች፣ ስለዚ የራሷን ማደያ ፈለገች፣ ኦቦክን ያዘች፣ ቀጥላ በ1888 ጅቡቲን ቆረቆረች። ጅቡቲ ሲኖር ሐዲድ ተፈለገ፣ ሐዲድ ሲመጣ ድሬ ተወለደች። በከሰል ጀምረን የድሬው ቀፊራ ገበያ ደረስን ማለት ነው፣ እኔ ራሴ ይሄን ስገጣጥመው ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር።

እንግዲህ ያንኑ ጥያቄ ወደ ቤታችሁ አምጡት። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ለምን ድሬ ላይ ቆመ? የታሰበው እኮ ሐረር ነበር፣ ገበያው ያለው፣ ቡናው ያለው፣ ሰው ያለው ሐረር። ስልካችሁ ላይ የከፍታ መለኪያ አፕ ጫኑ፣ ለገሃር በር ላይ ቁሙና እዩት፣ ወደ 1,200 ሜትር ይላችኋል። ከዛ ሚኒባስ ያዙና በደንገጎ፣ በተራራው ዳገት፣ ሐረር ውጡ፣ መስኮት ጋ ቁጭ በሉና ቁጥሩን እያያችሁ፣ ጆሯችሁ መደፈን ሲጀምር ቁጥሩ እየሮጠ ነው፣ ጀጎል ስትደርሱ ወደ 1,900 ተጠግቷል። ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬ 300 ኪሎሜትር ተጉዞ 1,200 ሜትር ነው የወጣው፣ ቀስ ብሎ። የቀረውን 700 ሜትር በዛች ደንገጎ ይወጣ ቢሉት ብሩ የት ይገኛል? ስለዚ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ ታች በሜዳው እንዲያልፍ ተደረገ፣ በ1902 መጨረሻ ድሬ ደረሰ፣ ምኒልክም "አዲስ ሐረር" አሏት። የሐረር ልጆች ይሄን ስም ስታነሱባቸው ፊታቸውን ማየት ነው።

ይሄ መሬቱ ያቆመው ነው። ብሩስ? የሐዲዱን ፈቃድ በ1894 ያገኙት አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ስዊስና ሊዮን ሸፍኖ የሚባል ፈረንሳዊ ናቸው፣ ኩባንያው ድሬ እንደደረሰ ካዝናው ባዶ ሆነ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በላዩ ላይ ይነታረካሉ፣ በ1907 ከሰረ። በዓመቱ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ነው የቀጠለው፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ታዲያ ለዓመታት ድሬ የመጨረሻ ፌርማታ ነበረች፣ ዕቃው እዚህ ይራገፋል፣ ወደ መሃል አገር በግመልና በበቅሎ ይጫናል፣ ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ መካኒኩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ህንዱ እዚሁ ቀረ። ሐዲዱ ወዲያው ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ ድሬ ውሃ የሚቀዳባት ጣቢያ ሆና ትቀር ነበር ብዬ ነው የማስበው። የነሱ ኪሳራ ለኛ ሲሳይ ሆነ።

አንድ የማስጠንቅቃችሁ ነገር፣ የዘመን አቆጣጠር። እስካሁን የጻፍኳቸው ዓመቶች ከደቻቱ ጎርፍ በቀር ሁሉም የፈረንጅ ናቸው፣ 1902 ማለት በኛ 1895 ነው። የቱ እንደሆነ ሳይሉ መጻፍ ጉድ ያመጣል። እኔ አንድ ጊዜ ለአንድ በዓል ፖስተር ሥራ ተብዬ "ከ1902 ዓ.ም ጀምሮ" ብዬ በትልቁ አሳተምኩ፣ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አባት አይተው "ልጄ ያን ሰባት ዓመት ባቡሩ የት ሄዶ ነበር?" አሉኝ። ቡና የሚጠጣው ሁሉ ሳቀብኝ፣ ፖስተሩን በማርከር ነው ያረምኩት።

ቀጥሎ ማን የት ይኖር ነበር የሚለው ነው፣ እሱ በእግር ነው የሚነበበው። ለገሃር ያለበት ሰፈር ከዚራ ውስጥ ስትሄዱ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፍ አለ፣ ቤቱ በረንዳ አለው፣ ኩባንያው ፕላን አውጥቶ ለራሱ ሰዎች የሠራው ስለሆነ። ደቻቱን ተሻግራችሁ መጋላ የሚባለው ሰፈር ስትገቡ መንገዱ ይጠመዛዛል፣ ይጠባል፣ ሰው በራሱ ጊዜ በራሱ አቅም የሠራው ነው፣ ገበያውም ቅመሙም እሱ ጋ ነው። ካርታ ላይም ያስታውቃል፣ አንዱ እንደ ደብተር መስመር ሌላው እንደ ሥር። ባሪም ጋ ብትሄዱ ከዶኩ በላይ ኮረብታው ላይ አንድ ዓይነት የሠራተኛ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው ታያላችሁ፣ ዶኩ አጠገብ ደሞ የኩባንያው ቢሮ፣ 365 መስኮት ያለው፣ በዓመቱ ቀን ልክ። መስኮት የሚያጸዳውን ሰውዬ አስቡት እስቲ።

ከዛ ሰው ጠይቁ። ይሄ ድሬ ላይ ቀላል ነው፣ ሰዓቱን ካወቃችሁ። ጡረተኞቹን በጠዋት ፉል ቤት ወይ አመሻሽ ላይ ነፋስ ሲነሳ ፈልጓቸው፣ ቀትር ላይ የሚያናግራችሁ ሰው የለም፣ ሙቀቱም በርጫውም አይፈቅድም። "ስለ ባቡር ታሪክ ይንገሩኝ" አትበሉ፣ ስለ ንጉሡ ጉብኝት ይጀምሩላችሁና ይመሻል። ትንሽ ጥያቄ ጠይቁ፣ "ጋሼ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ነበር የምትገቡት? ምን ዓይነት ማሽን ላይ ነበሩ? ከጅቡቲ ሲመጡ ምን ይዘው ይመጡ ነበር?" ከዛ በኋላ ራሱ ይፈስላችኋል፣ ሊትሪናው፣ ያ የድሮው የመንገደኛ ባቡር፣ ይመጣል፣ ኮንትሮባንዱ ይመጣል፣ ግማሹ በፈረንሳይኛ ነው። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ እኔ ሳላስፈቅድ የሆነ ግቢ አጥር ላይ ስልኬን አውጥቼ ግማሽ ቀን ጥበቃ ቤት ተቀምጫለሁ።

ወደዛ ፎቶ ልመልሳችሁ። ባሪ ላይ ከሰሉ ምን ሆነ? ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መርከቡ ወደ ዘይት ዞረ፣ ገዢው ቀነሰ፣ ዶኩ ባዶ ሆነ። በፈረንጅ 1959 ሙዝ የሚያራግፍ መርከብ መጣ፣ በዛው ዓመት ደሞ ዳይ ዉድሃም የሚባል የቆሮቆሮ ነጋዴ፣ ትልቅ ቆራሌው በሉት፣ የእንግሊዝ ምድር ባቡር የጣላቸውን የእንፋሎት ባቡሮች ለመቆራረጥ መግዛት ጀመረ። ወደ 300 ገዛ። ግን ፉርጎም አብሮ ይገዛ ነበር፣ ፉርጎ ለመቁረጥ ይቀላል፣ "እሱን እንጨርስ ባቡሮቹ ይቆዩ" አለ። ቆዩ። ዓመት በዓመት የባህሩ ጨው እየበላቸው ቆዩ፣ በዚህ መሃል ባቡር የሚወዱ ሰዎች ብር እያዋጡ አንድ በአንድ እየገዙ ወሰዱ፣ መጨረሻ ላይ 213 ተረፉ። እንግሊዝ አገር ዛሬ ቱሪስት የሚያሳፍረው የእንፋሎት ባቡር ብዙው ከዛ ግቢ የወጣ ነው። ሌሎች ቦታዎች ቶሎ ቶሎ ስለቆራረጡ አልቀረላቸውም፣ ባሪ ስለዘገየች ቀረላት።

የኛ ግቢ ውስጥም ፉርጎው፣ ሎኮሞቲቩ፣ የጥገና ቤቱ የድሮ ማሽን አለ፣ አስፈቅዳችሁ ስትገቡ መጀመሪያ የሚመታችሁ ሽታው ነው፣ የሞቀ ብረትና የቆየ ግሪስ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በፈረንጅ 2016 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ በኩል ሆነ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ወደዛው ነው፣ ማለትም ድሬ ሐረር ላይ የሠራችውን አሁን በራሷ ላይ እየሠሩባት ነው። ሐዲዱ ለምን ከተማ ውስጥ አልገባም ብላችሁ በዛው ጥያቄ ካርታውን እዩት፣ እዚህ መልሱን አልነግራችሁም፣ አሳይመንቱን ጨርሱት።

የመጨረሻ ዕቃ፣ ሜትር ይዛችሁ ውጡ። የልብስ ሰፊ ሜትርም ይሆናል። የድሮው ሐዲድ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ልክ 1 ሜትር ነው፣ አዲሱ 1,435 ሚሊሜትር ነው፣ የባሪም ያው 1,435። ስለዚ የለገሃር ባቡር ተጠግኖ ቢነሳ እንኳን አዲሱ መስመር ላይ አይወጣም፣ የባሪ ፉርጎ ግን ስፋቱ ይገጥማል። ይሄን ለልጁ ለማሳየት ለገሃር አጠገብ ሄደን ሜትሩን ቤት ረስተነዋል። ያ በፖስተሩ የሳቁብኝ አባት እዛው ነበሩ፣ "ከዚራ ተወልዳችሁ ከዘራ የላችሁም?" አሉና የራሳቸውን ከዘራ ሐዲዱ ላይ አጋደሙት። በአንድ ስንዝር አጠረ። ልጁ ደብተሩን አውጥቶ "ከዘራ ሲደመር አንድ ስንዝር" ብሎ ጻፈ።